ፓሲፊክ ላይ ሁለቴ የዋለው ገና

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ዲሴምበር ሲገባ ፋብሪካው ሌላ ወሬ የለውም፤ ክሪስማስ ብቻ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሱፐርቫይዘሬ ሳንድዊቹን እየገመጠ፣ «እናንተ አገር ክሪስማስ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አለ እንጂ» አልኩት። «እንዲያውም አንድ ጊዜ በአንድ ጉዞ ሦስቴ አክብሬያለሁ።»

እንግሊዝኛው የከዳኝ መሰለው። «ሦስት ቀን ይከበራል ማለትህ ነው?» አለኝ፣ ቃላቱን ለሕፃን እንደሚያጎርስ ቀስ እያደረገ።

«አይደለም። ሦስት ክሪስማስ። አንዱ የእናንተ፣ ሁለቱ የእኛ። የእኛዎቹ ደግሞ ሁለቱም የዋሉት ጃንዋሪ ሰባት ነው፤ በዚያው ዓመት፣ ተከታትለው።»

ሳንድዊቹን አስቀመጠ። የምሳ ሰዓታችን እስኪያልቅ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ተረኩለት። አምኖኝ ይሁን አፌን ሊያዘጋኝ እንጃ፣ ለገና ደይ ኦፍ ሰጠኝ። በእንግሊዝኛ ሲነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ያለው ዶሮ ራሱ በትክክል አይጮህም። ስለዚህ እዚህ በአማርኛ ልድገመው።

ካልጋሪ ከመምጣቴ በፊት መርከበኛ ነበርኩ። የምሠራበት መርከብ ባለቤቶቹ ግሪኮች፣ ባንዲራው የሌላ አገር፣ ሠራተኞቹ ከየወደቡ የተለቃቀሙ አንድ ያረጀ የእህል መርከብ ነው። እኔ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ስቀባም ስፈታም የምውል። ካፒቴኑ ግሪክ፣ አብዛኛው ሠራተኛ ፊሊፒኖ ሲሆን አማርኛ የምንናገረው ሦስት ብቻ ነበርን።

አንደኛው ምጽዋ የተወለዱ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሽማግሌ ናቸው። የመርከቡ ገመድ፣ መልሕቅና ቀለም በእሳቸው እጅ ነው። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ስለነበር ንግግራቸው ከእኛ የጠራ ነው፤ ሲናደዱ ብቻ ጣልያንኛ ውስጥ ይገባሉ። እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን። ካፒቴኑም ስማቸው መስሎት «ጋሼ» ይላቸው ነበር።

ሁለተኛው የጎጃም ሰው ነው። ድቁናውን ትቶ ባሕር ላይ የወጣ፣ ጾሙን ግን ያልተወ፤ ከእኔ ጋር ሞተር ክፍል ይሠራል። ለማናደድ ስፈልግ «ዲያቆን» ብዬ እጠራዋለሁ። እሱም አቤት ይላል፤ ያኔ እኔ እናደዳለሁ።

ያን ዓመት ጭነታችንን ኮሪያ፣ ፑሳን ወደብ ላይ አራግፈን፣ ባዶ መርከብ ይዘን ስንዴ ለመጫን ወደ ቫንኩቨር ልንሻገር ነበር። ከመነሳታችን በፊት ሦስታችን ከተማ ገብተን ገበያ ለገበያ ስንዞር፣ ዲያቆኑ አንድ የዶሮ ተራ ፊት ቆሞ ቀረ።

«ገና እኮ ባሕር ላይ ነው የሚውልብን» አለ።

«ታዲያስ? የመርከቡ ፍሪዘር ዶሮ ሞልቶታል» አልኩት።

«ማን ባርኮ እንዳረደው የማታውቀውን ዶሮ ልትበላ ነው?»

«ስምህን ጠርቼ እበላዋለሁ።»

ጋሼ አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ አነሱ፣ ደረቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ፣ መልሰው አስቀመጡና ሌላ አነሱ። በዚህ ዓይነት ገብስማውንና አንድ ነጭ አውራ ዶሮ መረጡ። በሕይወት ያለ እንስሳ መርከብ ላይ ማውጣት ክልክል ነው። ካናዳ ወደብ ላይ ቢያገኙብን መርከቡን ያቆሙታል ብሎ ካፒቴኑ ደጋግሞ አስጠንቅቆናል። እኛ ግን ካናዳ ከመድረሳችን በፊት በልተናቸው ስለምናድር ሕግ የጣስን አልመሰለንም። ዶሮዎቹ በሙዝ ካርቶን ሆነው፣ ላያቸው ላይ የጋሼ ካፖርት ተጥሎባቸው፣ በመሰላሉ ወጡ። ያስቀመጥናቸው በመርከቡ ፊት ለፊት ጫፍ ባለው የገመድ ማከማቻ ውስጥ ነው። የመኝታ ክፍሎቹም የመሪው ክፍልም ያሉት ከኋላ በኩል ስለሆነ፣ በመካከላችን የኳስ ሜዳ የሚያህል ባዶ ብረት አለ። ማንም አይሰማም አልን።

የፈረንጆቹ ክሪስማስ የዋለው ገና ከወደብ እንደወጣን ነው። ፊሊፒኖው ወጥ ቤት ከዋዜማው ጀምሮ ሲያሽሞነሙን አድሮ፣ የመብል አዳራሹን በወረቀት ኮከብ አስጊጦ፣ ቱርክ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ ጠብሶ በክብር አቀረበ። ሁሉም አጨበጨበ። እኛ ሦስታችን ድንችና ጥቅል ጎመን ሳህናችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ጾም ነው።

ወጥ ቤቱ መጀመሪያ ያፈርን መስሎት በእጁ ቆርሶ ሳህናችን ላይ አደረገልን። ዲያቆኑ በሹካ ገፋ አደረገው። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ።

ካፒቴኑም ከጠረጴዛው ራስ ሆኖ ይህን አየ። «ምንድን ነው? እኔም እኮ ኦርቶዶክስ ነኝ! ብሉ!» አለ በጣልያንኛ። ከጋሼ ጋር የሚግባቡት በዚያ ነው።

«ይንገሩት ጋሼ» አለ ዲያቆኑ። «ክርስቶስ ገና አልተወለደም ይበሉት።»

ጋሼ ተረጎሙ። ካፒቴኑ የወረቀቱን ኮከብ ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ ዲያቆኑን አየ። «እንግዲያው ሲወለድ ይንገረኝ» አለና ኡዞውን ጨለጠ። ኡዞ የግሪኮች አረቄ ነው፤ ውኃ ሲነካው ነጭ ይሆናል። ካፒቴኑ ግን ነጭ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ወጥ ቤቱ አኮረፈን። ሾርባ ሲቀዳልን ጭልፋውን ከሩቅ ነው የሚገለብጠው።

ችግሩ የጀመረው ነፋሱ ከፊት መንፈስ ሲጀምር ነው። አንድ ማለዳ ካፒቴኑ ከመሪው ክፍል ውጪ ባለችው ሰገነት ቆሞ አየር ሲወስድ፣ ከዚያ ሁሉ ውኃ መሐል አንድ ድምፅ መጣለት። ኩኩሉ!

ጋሼ ለአንድ ጉዳይ እዚያው ነበሩና ያዩትን ነገሩን። ካፒቴኑ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ በበሩ ገባና መሪ የያዘውን ፊሊፒኖ፣ «ሰማህ?» አለው።

«ምኑን፣ ሰር?»

«ምንም» አለ ካፒቴኑ። ወደ ጋሼ ዞረ። «ጋሼ፣ አንተስ?»

«ነፋሱን ነው?» አሉት ጋሼ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

ዶሮ መኖሩን ያላወቀ ሠራተኛ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ግማሹ ሩዝ ያቀብላቸዋል፣ ግማሹ በሥራ አሳቦ ሊያያቸው ይሄዳል። ለካፒቴኑ የነገረ ግን አንድም የለም። ሳንመካከር፣ ሳንማማል፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቃል ደንቆሮ ሆነ።

በማግስቱም ጮኸ። በዚያ ቀን ካፒቴኑ ወርዶ አያውቅም የተባለውን ደረጃ ወርዶ ሞተር ክፍል መጣ። ዙሪያውን እየተዘዋወረ አዳመጠ። ከዚያ አፉን ጆሮዬ ላይ ለጥፎ፣ «ከነዚህ ማሽኖች ውስጥ እንደ… እንደ ወፍ የሚጮህ አለ?» አለኝ።

ፊቱን ሳየው ሳቄ መጣ። ሳቄን ለመዋጥ መናገር ነበረብኝና አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። «ፓምፕ ቁጥር ሁለት፣ ሰር። ሲበርደው ይጮኻል።»

ፊቱ በራ። «ፈታታው» አለኝ።

ምንም ያልነካውን ጤነኛ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ስፈታ ዋልኩ። ዲያቆኑ ከአጠገቤ ቆሞ ብሎን እያቀበለ፣ «ጾም ላይ መዋሸት እንዲህ ነው የሚያደርገው» ይለኛል። በማግስቱ ማለዳ ገብስማው ከወትሮው ይልቅ አስረዝሞ ጮኸ።

ካፒቴኑ ያን ቀን ኡዞውን ሰብስቦ ለወጥ ቤቱ አስረከበ። አልጠጣም አለ። ሰውየው የራሱን ጭንቅላት መጠርጠር መጀመሩ ነው። ዶሮ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ነፋስ ነው የሚለው። ካልጠጣሁ ጩኸቱ ይተወኝ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ።

አልተወውም። እሱም እኛን አልተወንም። ጠጥቶ የሚውል ካፒቴን ጠረጴዛው ላይ አንቀላፍቶ ይውላል። ያልጠጣ ካፒቴን ግን ሥራ ይፈልጋል። መኝታ ክፍላችንን እየከፈተ አንሶላ ያያል። ማዕበሉ መርከቡን እንደ ሰፌድ እህል ሲያንገዋልለው ቀለም ቀቡ ይላል። የሩዝ ጆንያ ጎደለ ተብሎ ሲነገረው አይጥ ነው ብሎ በየሥርቻው ወጥመድ አስጠመደ፤ ሁለት ሰው ጣቱን አስያዘ።

በመጨረሻ ፊሊፒኖዎቹ ሽማግሌ መርጠው ወደ እኛ ላኩ። «ወይ ዶሯችሁን እረዱ፣ ወይ ለካፒቴኑ ንገሩትና ይጠጣ» አሉ።

«ጾም ነው፤ ለገና ነው የሚታረደው» አለ ዲያቆኑ።

«ገናችሁ መቼ ነው?»

«ጃንዋሪ ሰባት።»

በጣታቸው ቆጥረው እያጉረመረሙ ሄዱ። ከዚያ በኋላ በመርከቡ ላይ ከእኛ ይልቅ ገናን የሚጠብቁት እነሱ ሆኑ። ሲያገኙን ሰላም ከማለታቸው በፊት፣ «ስንት ቀረ?» ነው የሚሉን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዋዜማው ደረሰ። ጃንዋሪ ስድስት፣ ገሃድ። ዲያቆኑ በርበሬውን ከሻንጣው አውጥቶ እያሸተተ፣ ወጡን በሐሳቡ እየሠራ ነበር። እራት ላይ ካፒቴኑ በማንኪያ ብርጭቆውን መታ መታ አደረገና ተነሳ።

«ዛሬ ፓሲፊክ መሐል ቀን የሚለዋወጥበትን መስመር እናልፋለን» አለ። «ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የምንሄደው አንድ ቀን ወደ ኋላ እንመለሳለን። ስለዚህ ነገም ጃንዋሪ ስድስት ነው።»

ጋሼ ሲተረጉሙ ዲያቆኑ ጎመኑን እያኘከ ነበር። ማኘኩን አቆመ።

«ነገ ገና ነው» አለ።

«ነገ ገና አይደለም» አሉት ጋሼ። «ነገ ዛሬ ነው።»

«ነገ እንዴት ዛሬ ይሆናል?»

ጋሼ ብርቱካን አንስተው መሬት ክብ መሆኗን፣ ፀሐይ ከየት ወደ የት እንደምትሄድ በጣታቸው እያዞሩ አስረዱት። ዲያቆኑ ብርቱካኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና፣ «ጌታ የተወለደው ቤተልሔም ነው» አለ። «ቤተልሔም ነገ ገና ነው አይደል? ጎጃም ነገ ገና ነው። እኔ የግሪክ መርከብ ላይ ስለተሳፈርኩ ልደቱ ይራዘማል?»

ጋሼ ብርቱካኑን ተቀብለው ልጠው በሉት። ከወዲያኛው ጠረጴዛ ደግሞ ፊሊፒኖዎቹ ነገሩ ገብቷቸው ካፒቴኑ አንድ ተጨማሪ ቀን ያለ ኡዞ እንደሚውል ሲረዱ ጩኸት አስነሱ።

«በሉ ተነሱ» አሉ ጋሼ አፋቸውን ጠርገው። «እናነጋግረዋለን።»

ሦስታችን የካፒቴኑን ካቢን አንኳኳን። ተላጭቶ፣ አገጩን ቆርጦ፣ ፊት ለፊቱ አንድ ሲኒ ሻይ አድርጎ ተቀምጧል። ሻይ ሲጠጣ አይተነው አናውቅም። እንደ በሽተኛ ጠያቂ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ቆምን።

ጋሼ ጉዳዩን አስረዱት። ስድስት ቁጥር የጾም ቀን ነው፣ ሰባት ቁጥር የልደት ቀን ነው፤ አንዱ ቀን መደገሙ ካልቀረ ሰባቱ ይደገም አሉት።

ካፒቴኑ ሻዩን አማሰለ። «መስመሩ እንግዲህ ባሕሩ ላይ በቀለም የተሰመረ አይደለም» አለ። «ሰዓቱን ዛሬም ልመልሰው፣ ከነገ ወዲያም ልመልሰው፣ የእኔ ሥልጣን ነው። ሰባቱን ልደግምላችሁ እችላለሁ።» ከዚያ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ግን አንድ ጥያቄ እጠይቃችኋለሁ። ጋሼ፣ በእናትህ፣ እውነቱን ንገረኝ። መርከቤ ላይ ዶሮ አለ?»

ዲያቆኑ ወለሉን ያያል። እኔ የግድግዳውን ካርታ አያለሁ። ጋሼ ግን ካፒቴኑን ትክ ብለው አዩት። አገጩ ላይ ያለውን ቁስልና ሻዩን አዩ።

«የለም» አሉ። «ሁለት ናቸው።»

ካፒቴኑ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዲያቆኑ ደንግጦ፣ «ኧረ አስለቀስነው!» አለኝ። እጁን ከፊቱ ሲያነሳ ግን ሰውየው እየሳቀ ነው። ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ «ሁለት! ሁለት!» ይላል። ሳቁ ሲበርድለት ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ፓምፕ ቁጥር ሁለትስ?»

«ጤነኛ ነው፣ ሰር።»

«እንግዲያው በዓሉ ሲያልፍ ቁጥር ሦስትን ትፈታለህ። አሁን ግን ሩጥና ከወጥ ቤቱ ጠርሙሴን አምጣልኝ።»

ጠርሙሱን ይዤ በአዳራሹ ሳልፍ ፊሊፒኖዎቹ ቆመው አጨበጨቡልኝ። እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት ጊዜ አላውቅም።

በማግስቱ ገና ሆነ። ዶሮ ግን ያለ ድስት አይሠራም፤ ድስቱ ደግሞ የወጥ ቤቱ ነው። ሰውየው በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆመ። «ምግቤን የገፋ ሰው ድስቴን አይነካም» አለ። ካፒቴኑ ሊያዝዝልን ይችል ነበር፤ ዲያቆኑ ግን እንቢ አለ። በዓል በትእዛዝ አይሠራም ብሎ ብቻውን ገባ። ምን እንዳለው አልሰማሁም። በመስኮቱ ሳይ፣ ዲያቆኑ እጁን ወደ ሆዱ፣ ወደ አፉ፣ ወደ ሰማይ እያመላከተ ስለ ጾም በምልክት ይሰብካል። ወጥ ቤቱ መጀመሪያ አኩርፎ፣ ኋላ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠ። በመጨረሻ ደረቱ ላይ አማተበ፣ ቢላውን አነሳና ሽንኩርት መክተፍ ጀመረ። ሲጨርስ ዲያቆኑ ጨምር አለው። ሲጨርስ አሁንም ጨምር አለው። እንባው እየወረደ፣ «ይኼ ነው በቀላችሁ?» ብሎ ሲጮህ ሳቄ አመለጠኝ።

ዶሮዎቹን ለማረድ ወደ ፊት ሄድን። ነጩ እንደ በግ ዝም ብሎ ተያዘ። ገብስማው ግን ካርቶኑ ሲከፈት ከጋሼ ክንድ ሥር ሾልኮ ባዶው ብረት ላይ ወጣ። ባዶ መርከብ በዚያ ባሕር ላይ ምን ያህል እንደሚንገዳገድ ያየ ያውቀዋል። እኛ ሦስት መርከበኞች በበረደው ብረት ላይ እየተንሸራተትን፣ ዶሮው መርከቡ ወዳዘነበለበት እየበረረ፣ ሠራተኛው በሙሉ ወጥቶ እየጮኸ፣ ከላይ ደግሞ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው፣ «በግራ! በግራ በኩል! አትፍጠን ጋሼ!» ይላል። ዶሮው በመጨረሻ የብረቱን ደረጃ በክንፉ እየታገዘ ወጥቶ፣ ራሱ ካፒቴኑ ወደቆመበት ሰገነት ዘለለ።

ካፒቴኑ አቀፈው። አላስነካም አለ።

«ያን ሁሉ ቀን ሁላችሁም ስትዋሹኝ እውነቱን የነገረኝ ይኼ ብቻ ነው» አለ። «ዛሬ አይታረድም።»

የመጀመሪያው ገና እንግዲህ በነጩ ዶሮ ሆነ። ዲያቆኑ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ፣ ወጡን በዳቦና በሩዝ በላን። ከረጅም ጾም በኋላ የቀመስናት ያቺ መረቅ አጥንቴ ድረስ ስትደርስ ተሰማኝ። ወጥ ቤቱ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ወደ ውኃው ሮጠ። ከዚያ ተመልሶ ሌላ ማንኪያ ቀመሰ። እንዲህ ሲሮጥ ሲመለስ አንድ ሳህን ጨረሰ።

በማግስቱ ካፒቴኑ ቃሉን ጠብቆ ሰዓቱን መለሰው። ጃንዋሪ ሰባት እንደገና ነጋ። ከፊታችን ሲነፍስ የሰነበተው ነፋስም ጋብ አለ። ዲያቆኑ ከአልጋው ተነስቶ ትንሽ ግራ ገባው።

«ዛሬ ጸሎቱ የየትኛው ቀን ነው?» አለ።

«ትናንት የተወለደው ዛሬም ተወልዷል በለው» አሉት ጋሼ።

«ሁለቴ?»

«ካፒቴኑ ካለ ምን ታደርገዋለህ።»

ፊሊፒኖዎቹም የሰው በዓል ነው ብለው ሥራ አንገባም አሉ። ካፒቴኑ ኡዞውን ስለጠጣ አልተከራከረም። ከቀትር በፊት ገብስማውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ራሱ ይዞት መጣ። ካናዳ ስንደርስ እዚያ ያሉት ሰዎች ወስደው ከሚያቃጥሉት እናንተው ብሉት አለ፤ ግን ሲታረድ አላይም ብሎ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ወጡ ሲቀርብ ቅር ብሎት ነበር። ሽታው ሲደርሰው ወንበሩን ሳብ አደረገ። እግሩን ሰጠነው። በርበሬው አስለቀሰው፤ እሱ ግን ለዶሮው አዝኜ ነው አለ። አጥንቱን ሁሉ ግጦ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ አዘነ።

ቫንኩቨር ስንደርስ ጋሼ ወረዱ። ካልጋሪ ልጅ ነበረቻቸው፤ ቀድማ መጥታ ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር የምትኖር። ባሕሩ በቃኝ፣ ከልጄ ጋር ልሁን አሉ። እኔም ለመሄድ ሰበብ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሻንጣቸውን ልያዝልዎት ብዬ ተከተልኳቸው። እስካሁን ሻንጣቸውን እንደያዝኩ ነኝ ማለት ይቻላል። ዲያቆኑ ግን መርከቡ ላይ ቀረ። የካናዳን ብርድ ከወደቡ ቀምሶት በቃኝ አለ።

በባስ ተራሮቹን አቋርጠን ካልጋሪ ስንገባ በረዶው ጉልበት ይደርስ ነበር። የጋሼ ልጅ በር ላይ አባቷን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች፣ «አባባ፣ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ገና ባሕር ላይ መዋሉ ነው» አለች። «ያለ ዶሮ፣ ያለ ምንም ዋላችሁ አይደል?»

አፌን ከፈትኩ። ጋሼ በቦት ጫማቸው እግሬን ረገጡኝ።

«ባሕር ላይ ምን ገና አለ ልጄ» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ውኃ ብቻ ነው።»

«አውቄያለሁ! ለዚህ ነው ያስቀመጥኩልዎት» አለች። ፍሪዘሩን ከፈተችና ለገና የሠራችውን ዶሮ አወጣች፤ ከእንቁላሉ፣ ከእግሩ፣ ከፈረሰኛው። ለአባቷ ብላ ሳትነካው የቆየች ናት። ጋሼ ሲበሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም። ልጅቷ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ «አይዟችሁ፣ ብሉ፣ ተርባችኋል» እያለች ታጎርሰናለች። እኔ ጉርሻውን መዋጥ ያቃተኝ ከሐዘን መስሏት እንደገና እንባዋ መጣ።

ምስጢሩ እስከ ፌብሩዋሪ ቆየ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ፤ ልጅቷ አነሳች። ዲያቆኑ ነው፣ ስንዴውን አድርሰው ከጃፓን ነበር ኮል ያደረገው። ጋሼ ሻወር ውስጥ ስለነበሩ እስኪወጡ ልታጫውተው ብላ ወሬ ጀመረች። ሶፋ ላይ ሆኜ የምሰማው የእሷን ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን… ደኅና ናቸው… አዎ፣ ገናን እንኳ በወጉ ሳያከብሩ ነው የመጡት… ምን?… ስንት ጊዜ?»

ተነስቼ ጫማዬን ፈለግሁ።

«ሁለቱንም ቀን ዶሮ?» አለች ልጅቷ። ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። «ካፒቴኑም ጭምር?»

ጋሼ ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርገው ሲወጡ ስልኩን አቀበለቻቸውና ወደ ኩሽና ሄደች። የድስት ክዳን ሲጋጭ ይሰማ ነበር። ጋሼ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል፤ ቢሆንም ዲያቆኑን አዳመጡት። ሰውየው ተበሳጭቷል። ሲመለሱ ያንኑ መስመር ወደ ምዕራብ አቋረጡት፤ ስለዚህ በዚህኛው ጉዞ ቀን አይደገምም፣ ይዘለላል። የተዘለለው ደግሞ ማክሰኞ ነው፣ የነነዌ ጾም መካከለኛው ቀን። ሦስቱ ቀን ሁለት ሆኖበት ቀረ።

«ዮናስ ሦስት ቀን ዓሣ ሆድ ውስጥ ሲቆይ፣ እኔ በሁለት ቀን ተፋኝ!» ሲል ጩኸቱ ከስልኩ አልፎ ለእኔም ተሰማኝ። «አንድ ቀን ጎሎኛል ጋሼ፤ ምን ይሻለኛል?»

ጋሼ ወደ ኩሽናው አንገታቸውን አስግገው አዩ። ልጃቸው ለእሑድ ምሳ ያወጣችውን ሥጋ መልሳ ፍሪዘር ውስጥ እየከተተች፣ በምትኩ የምስር ቆርቆሮ እየከፈተች ነበር።

«አታስብ» አሉት። «እኛ እዚህ እንጾምልሃለን።»